የራስ ቁስል በሞያሌ ድንበር ሲመዘን

በኬንያዋ ሞያሌና እንደ ቦሪ ባሉ የዙሪያዋ መንደሮች ሰው ራሱን ተመትቶ ሲወድቅ ጉዳዩ ሁለት ደጅ ይንኳኳለታል፦ የመንግሥት ፍርድ ቤትና የሽማግሌዎች ሸንጎ። ሸንጎው ኢትዮጵያና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1907 ድንበሩን ከመዋዋላቸው በፊት የነበረ ነው። የቦረናው ጉማም ሆነ ጋሪን የመሳሰሉ ሙስሊም ጎሳዎች የሚከፍሉት ዲያ የተባለው የደም ካሳ፣ ዘመድ በሁለት አገር ተከፍሎ በሚኖርበት ምድር ፖሊስ የማይሻገረውን መስመር ይሻገራል። ይህን ልማድ የደም ዋጋ ብቻ አድርገው የሚያዩት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ዲያ የቆመበት የሕግ ትምህርት፣ የራስ ምት የሚያስከትለውን ስውር ጉዳት ከዛሬው የሕክምና ማስረጃ ወረቀት አብልጦ አስተውሏል እላለሁ።

በአፍሪካ ቀንድ ሙስሊሞች ዘንድ የሰፈነው የሻፊዒ የሕግ መዝሀብ ነው፤ ከዋና መጻሕፍቱ አንዱም የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ የኢማም ነወዊ ‹ሚንሃጅ› ነው። በዚህ ትምህርት አጥንት ያሳየ የራስ ቁስል 5 ግመል፣ ያሳየውን አጥንት ደግሞ የሰበረ 10 ግመል ያስከፍላል፤ የአንጎል ሽፋን ላይ ከደረሰ የሙሉ ካሳው ሲሶ ይሆናል። አእምሮው ለጠፋ ሰው ግን እንደ ሟች ሙሉ 100 ግመል ይከፈላል። ማሽተት ላጣም እንዲሁ። አላሸትም ያለው ሰው ሳይጠነቀቅ ሽቶና ግማት ድንገት ይቀርብለታል፤ ፊቱ ከተለዋወጠ ክሱ ይወድቃል። አዋቂዎች የጠፋው ሊመለስ ይችላል ካሉ ደግሞ ፍርዱ ይቆያል። የራስ ምት ማሽተትን እንደሚያጠፋ የዛሬ ሐኪሞችም ያውቃሉ፦ አንጎል ሲናወጥ ከአፍንጫ በላይ ባለው ስስ አጥንት የሚያልፉት የማሽተት ነርቮች ይበጠሳሉ፤ የራስ ቅሉ ሳይሰበርም ይህ ይሆናል። ዕቃዋን አጥና ወተት ለምታስቀምጥ የአርብቶ አደር እናት አፍንጫዋን ማጣት የተበላሸውን ከደህናው፣ የሚነደውን ከሚጤሰው አለመለየት ነው። ምግብም ጣዕሙን ያጣል። ሌላው ደግሞ ድኖ ይነሳና ጫጫታና ብርሃን ያስመርሩታል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ገበያ ወጥቶ የመጣበትን ይረሳል፤ ቁስሉ ስለጠገገ ሰነፍ ይባላል።

ሽማግሌው መጽሐፍ አይገልጥም የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። እውነት ነው፤ ሸንጎው በቀልን ለማብረድ ስለሚቸኩል ብዙ ጊዜ የሚታየውን ቁስል ብቻ ቆጥሮ ይታረቃል። መጽሐፉም ቢሆን የሴትን ካሳ በግማሽ መቁረጡ በደል ነው፤ ይህን ለመከላከል አልሞክርም። የኬንያ የወንጀል ሕግም ከባድ ጉዳት ሲል የስሜት ሕዋስን ይጨምራል ለሚለኝ፣ አዎን፣ ይጨምራል እላለሁ። ነገር ግን ሐኪሙ ፒ ስሪ የሚባለውን የሕክምና ማስረጃ ቅጽ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ደሙ ሳይደርቅ ነው፤ ራስ ምቱ፣ ቁጣውና መርሳቱ ጎልተው የሚታዩት ከዚያ በኋላ ነው። በምዕራብ ኬንያ የጉሲ ሕዝብ ባለሙያዎች ከምት በኋላ አልለቅ ላለ ራስ ምታት የራስ ቅል ይፍቁ እንደነበር የሕክምና መጽሔቶች ጽፈዋል፤ መዘዙ ዘግይቶ እንደሚመጣ ያውቁ ነበርና። በቅጣቱም በኩል ቢሆን እስሩ የሚነካው መቺውን ብቻ ነው፤ ሠርቶ መብላት ላቃተው ተመቺ ግመሉ ይሻለዋል።

ስለዚህ ከጥንቱ ልማድ መወሰድ ያለበት መቆየቱና መፈተኑ ነው። ከወራት በኋላ ተመቺውን ዳግም መጥራት፣ ጸባዩንና መርሳቱን ሚስቱን ወይም ባሏን መጠየቅ፣ ዓይን አስጨፍኖ ቡናና ሳሙና ማሸተት፦ ይህ ሁሉ ከሞያሌ ጤና ጣቢያም ሆነ ከሽማግሌ ጥላ ሥር አቅም በላይ አይደለም።