ድምፁን ያስቀመጠ አለ፤ የሚያዳምጠውስ?

አያቴ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። በጎጃም፣ በተወለዱበት አገር፣ «እሳቸው ሳይደርሱ ለቅሶው ለቅሶ አይሆንም» ይባልላቸው ነበር። የሟቹን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ጀግንነቱን ያነሳሉ፤ የሰደበውንና ያስቀየመውንም በሰም ሸፍነው ጣል ያደርጉበታል። በሕይወት ሳሉ አንድ ተመራማሪ ቴፕ ተሸክሞ መጣና ድምፃቸውን ቀዳ። ካሴቱ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ገባ። አያቴ ሲያርፉ ግን፣ ለአገሩ ሰው ሁሉ ያለቀሱት ሴት በራሳቸው ቀን የሚያወርድላቸው አላገኙም።

ከዓመታት በኋላ ካሴቱን ፍለጋ ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ ደግ ሰው ነበሩ። ከመደርደሪያ ላይ ካርቶን አውርደው፣ አቧራውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ ካሴቱን ሰጡኝ። የአያቴ ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። «ላዳምጠው?» አልኩ። «ማጫወቻው ተበላሽቷል፤ ማሠሪያ በጀት የለም፤ በዚያ ላይ አዳምጦ የሚጽፍ ሰው ተቀጥሮ አያውቅም» አሉኝ። ካሴቱን ይዤ ቆምኩ። ድምፁ አለ፤ ግን የለም።

ሌላው አገር እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ይይዘዋል ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ንባቡ ይዞኝ የሄደው ወደ ህንድ ነው። ህንድ ለእኛ ለአዲስ አበባ ልጆች ሩቅ አይደለችም። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ያለቀስንባት፣ ትርጉሙን ሳናውቅ ዘፈኗን በቃላችን የያዝንላት አገር ናት። ከዚያ ፊልም በስተጀርባ ግን ያላየነው ሌላ የድምፅ ታሪክ አለ። አንባቢ እንዳይምታታበት ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

* * *

በ1902 ዓ.ም. ፍሬድ ጋይስበርግ የሚባል ሰው የግራሞፎን ኩባንያ ልኮት ካልካታ ገባ። ሥራው ንግድ ነው፤ ሸክላ ለመሸጥ የአገሬው ዘፈን ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ድምፃቸውን ካስቀረጹት መካከል ጎሃር ጃን ትገኝበታለች። ዘሯ ከአርመን የሚመዘዝ፣ ዝናዋ በመሳፍንቱ አዳራሽ የናኘ ዘፋኝ ነበረች። አንድ ራጋ እንደ ልብ ሲዘፈን ሰዓት ይፈጃል፤ ሸክላው የሚይዘው ግን ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ጎሃር ጃን ያንን ረጅም ጥበብ በሦስት ደቂቃ ሰፍታ አስገባችው። ዘፈኑ ሲያልቅም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በእንግሊዝኛ «ስሜ ጎሃር ጃን ነው» ትል ነበር። ሸክላው የሚታተመው ጀርመን፣ ሐኖቨር ከተማ ነበርና፣ እዚያ ያሉት ሠራተኞች የማን ድምፅ መሆኑን እንዲለዩት ነው።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር የአያቴ ካሴት ትዝ ይለኛል። ጎሃር ጃን ስሟን በገዛ አንደበቷ አስገባች፤ የአያቴን ስም በላዩ ላይ የጻፈው ሌላ ሰው ነው።

ኩባንያው በ1908 ዓ.ም. እዚያው ካልካታ የሸክላ ፋብሪካ ከፈተ። የእኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም ከጎሃር ጃን ጥቂት ዓመታት ዘግይተው በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። እንግዲህ በአጀማመሩ ያን ያህል አልተራራቅንም ማለት ነው። የተራራቅነው ከዚያ በኋላ በተሠራው ሥራ ነው።

* * *

ከነጋዴዎቹ ቀጥሎ የመጡት ምሁራን ናቸው። አርኖልድ ባኬ የሚባል የሆላንድ ተወላጅ በታጎር መንደር በሻንቲኒኬታን ተቀምጦ ዜማ ተማረ፤ በ1930ዎቹም በህንድ እየተዘዋወረ በሰም ሲሊንደርና በሌሎች መሣሪያዎች የሕዝብ ዜማ ቀዳ። በ1938 እና 1939 ዓ.ም. ደቡብ ህንድን አዳረሰ። ከዚያስ? ድምፁ ወደ አውሮፓ ተጓዘ። ዘፋኙ መንደሩ ቀረ፤ ድምፁ ባሕር ተሻገረ። ከህንድ ነጻነት በኋላ የመጡት የውጭ ተመራማሪዎችም አብዛኛዎቹ ያንኑ ነው ያደረጉት። የአያቱን ዜማ ማጥናት የፈለገ ህንዳዊ ወጣት ለንደን ወይም አሜሪካ መሄድ ነበረበት።

ይህን ነገር ለማቃናት ከተነሱት አንዱ ራሱ የባኬ ተማሪ የነበረው ናዚር ጄራዝቦይ ነው። በ1982 ዓ.ም. በአሜሪካ የህንድ ጥናት ተቋም ሥር የኤትኖሙዚኮሎጂ ቤተ መዛግብትና የምርምር ማዕከል ተቋቋመ። ማዕከሉ በፑኔ ጀምሮ ወደ ዴልሂ፣ በኋላም ወደ ጉርጋኦን ተዛወረ። ዓላማው ሲነገር ቀላል ነው፤ ከአገር የወጣው ድምፅ ቅጂው ወደ አገሩ ይመለስ። ተመራማሪው የቀዳውን አምጥቶ ያስቀምጣል፤ ከውጭ አገር ቤተ መዛግብትም ግልባጭ ይመጣል።

ጄራዝቦይ በዚህ አልበቃውም። በ1984 ዓ.ም. ከኤሚ ካትሊን ጋር ሆኖ መምህሩ በ1938 ዓ.ም. የቀዳውን ድምፅ ይዞ ወደዚያው ደቡብ ህንድ ተመለሰ። በየመንደሩ እየገባ ለልጅ ልጆቹ አሰማቸው። የጠፋ ነበር፤ የተለወጠ ነበር፤ እንደነበረ የቆየም ነበር። ያለ ድምፁ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ ድምፁን ይዞ የሚዞር ሰው ባይኖርም እንዲሁ አይታወቅም ነበር።

* * *

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ለመሆኑ ይህን ሁሉ የሚከፍለው ማነው?

የገንዘቡ ታሪክ ከዜማው ታሪክ ያላነሰ ይደንቃል። የአሜሪካ የህንድ ጥናት ተቋም በ1961 ዓ.ም. ሲመሠረት ከገቢዎቹ አንዱ የስንዴ ገንዘብ ነበር። አሜሪካ በሕግ ቁጥር 480 መሠረት ለህንድ እህል ስትሸጥ ክፍያውን በሩፒ ትቀበል ነበር። ያ ሩፒ በአብዛኛው እዚያው ህንድ ውስጥ የሚወጣ ስለነበር ከፊሉ ለምርምር ተመደበ። እህል የገዛው ሩፒ መልሶ ሊቃውንትን አስተማረ ማለት ነው።

መንግሥትም አልተኛም። በ1952 ዓ.ም. የተቋቋመውና በማግስቱ በ1953 በፕሬዚዳንት ራጄንድራ ፕራሳድ የተመረቀው ሳንጊት ናታክ አካዳሚ የሙዚቃን፣ የውዝዋዜንና የድራማን ሀብት ሲቀርጽና ሲያከማች ኖሯል። ካልካታ ላይ ደግሞ ፕራቲብሃ አግራዋል የተባለች የመድረክ ሰው በ1981 ዓ.ም. ናትያ ሾድ ሳንስታን የተባለውን የቴአትር ቤተ መዛግብት መሠረተች። የቦምቤይ ሸክላ ሰብሳቢዎችም በ1990 ዓ.ም. ማኅበር አቋቁመዋል። ከእነሱ መካከል ሱሬሽ ቻንድቫንካር «ያንግ ኢንዲያ» የተባለውን የአገር ውስጥ ኩባንያ ሸክላዎች ወደ ዲጂታል እንዲያዛውር የብሪቲሽ ላይብረሪ የአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት ፕሮግራም ረድቶታል። ይኸው ፕሮግራም በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የሚገኙ የብራና መጻሕፍትንም በዲጂታል እንዲቀረጹ ደግፏል። እጁ እኛም ዘንድ ደርሷል።

ልብ በሉ፤ እስካሁን የቆጠርኩት ገንዘብ አብዛኛው ለመሰብሰብና ለማስቀመጥ የወጣ ነው። ቴፕ ይገዛል፤ መደርደሪያ ይሠራል፤ ማቀዝቀዣ ይገጠማል። ይህ ለለጋሽም ለሹምም ደስ ይላል፤ ሪባን ይቆረጥለታልና። የሚቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ለአንድ ዓመት እንዲያዳምጥ ማን ይከፍለዋል? ሰምቶ የሚያገኘው ነገር አስቀድሞ አይታወቅም። ምናልባት መጽሐፍ፣ ምናልባት ቴአትር፣ ምናልባትም ምንም።

ይህን ክፍተት ካዩት አንዱ ባንጋሎር የሚገኘው የህንድ የኪነ ጥበብ ፋውንዴሽን ነው። በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከ1995 ጀምሮ ድጎማ ይሰጣል። መሥራች ዳይሬክተሩ አንሞል ቬላኒ ቀድሞ የፎርድ ፋውንዴሽን ባልደረባ ነበር። ፋውንዴሽኑ ለተመራማሪም ለከያኒም ይከፍላል። ቤተ መዛግብትንና ሙዚየሞችን በሚመለከተው ዘርፉ ደግሞ፣ ሰዎች ወደ ክምችቱ ገብተው ከውስጡ አዲስ ሥራ እንዲያወጡ ያግዛል። ሐሳቡ ተገለበጠ ማለት ነው፤ ለሣጥኑ ሳይሆን ሣጥኑን ለሚከፍተው ሰው።

ሣጥን የከፈተ ሰው ምን እንደሚያወጣ ጎሃር ጃን ምስክር ናት። በ1930 ዓ.ም. ማይሶር ላይ ዝናዋ ደብዝዞ አረፈች። ከሰማንያ ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ቪክራም ሳምፓት የሕይወት ታሪኳን አሳተመ። በ2016 ደግሞ ማሄሽ ዳታኒ በጻፈው፣ ሊሌት ዱቤይ ባዘጋጀችው «ጎሃር» በተሰኘ ቴአትር መድረክ ላይ ቆመች። የሦስት ደቂቃ ሸክላ መጽሐፍ ወለደ፤ መጽሐፉም ቴአትር።

* * *

ይሁንና ነገሩ ሁሉ ማር ነው ማለቴ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ በህንድ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ቁጥጥር ሥር ነው፤ በ2010 ሕጉ በአዲስ መልክ ወጥቷል። በውጭ ገንዘብ የቆመ ተቋም የሹም ፊት ሲጠቁር ይናጋል።

ከዚህ የሚብሰው ጥያቄ ግን የባለቤትነት ነው። በራጃስታን በረሃ ማንጋኒያር የሚባሉ ሙዚቀኞች አሉ። ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ሙያ ነው፤ ራሳቸው እስላም ሆነው አብዛኛውን ጊዜ ለህንዱ ጌቶቻቸው ይዘፍናሉ። የጌታውን የዘር ሐረግ በቃላቸው ይይዛሉ፤ በልደት፣ በሠርግና በሐዘን ይገኛሉ። ካማይቻ የሚባለው መሣሪያቸው እንደ መሰንቋችን በቀስት የሚገዘገዝ ነው። የአዝማሪን ኑሮ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻም።

ኮማል ኮታሪና ደራሲው ቪጃይዳን ዴታ በ1960 ዓ.ም. ቦሩንዳ በተባለ መንደር ሩፓያን ሳንስታንን መሥርተው የእነዚህን ሰዎች ጥበብ ሲቀዱና ሲያጠኑ ኖሩ። ማንጋኒያሮች ዛሬ በዓለም መድረክ ይታወቃሉ። ቢሆንም የአንድ ዘፋኝ ድምፅ ቤተ መዛግብት ውስጥ ሲቀመጥ ባለቤቱ ማነው? ቀጂው፣ ከፋዩ፣ ወይስ የዘፋኙ ልጆች? የጉርጋኦኑ ማዕከል በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ በራጃስታንና በጎአ ከባለሙያዎቹ ጋር በሽርክና ለመሥራት የሞከረው ይህ ጥያቄ ስላለ ነው። ከዘፋኝ ተወስዶ ለምሁር የሚሰጥ፣ ለዘፋኙ ልጅ ግን የሚቆለፍ ድምፅ፣ በሠለጠነ መንገድ የተወሰደ ንብረት ነው።

* * *

ህንድን ያነሳሁት ለምሳሌነት እንጂ ለማስቀናት አይደለም። እነሱም ዘንድ የሻገተ ቴፕ፣ ያልተከፈተ ሣጥን አለ። ነገር ግን አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ድምፅ እንደ ብራና አይደለም። ብራና ተዘግቶ መቶ ዓመት ይጠብቅሃል። ካሴት ግን ይላላል፤ ማጫወቻው ከገበያ ይጠፋል፤ ዘፈኑን ሰምቶ «ይህ የእገሌ ነው» የሚል ሽማግሌም ይሞታል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢጎድል ሳጥኑ መቃብር ነው። ማከማቸት ብቻውን መጠበቅ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ካሴት በእጄ ይዤ በቆምኩበት ቀን ነው።

ለዚህ ፎቅ ሕንፃ አልጠይቅም። አንድ የሚሠራ ማጫወቻ፣ የአገሩን አማርኛ የሚያውቅ አንድ ወጣት፣ የአንድ ዓመት ደመወዝ፤ ከዚያም ግልባጩን ይዞ ወደ መንደሩ የሚመለስበት የአውቶቡስ መሳፈሪያ። በየድግሱ ከምናወጣው አንጻር ይህ ምን ያህል ነው? አስተዋይ ነጋዴ፣ የትውልድ አገሩን የሚያስታውስ የውጭ አገር ነዋሪ፣ የእድር ማኅበር እንኳ ሊሸፍነው ይችላል።

ደጉ ሠራተኛ ካሴቱን ወደ ካርቶኑ ሲመልሱ «በሚቀጥለው ዓመት ይምጡ፤ ምናልባት ማጫወቻው ይሠራ ይሆናል» አሉኝ። ሄድኩ፤ አልተሠራም። ዘንድሮም እሄዳለሁ። ባለፈው ወር ከአንድ የቴፕ ጠጋኝ ዘንድ አሮጌ ማጫወቻ ገዝቻለሁ፤ ተሸክሜው ነው የምሄደው። ደንቡ ከፈቀደልኝ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከፍተን፣ ከሠራተኛው ጋር ሆነን እናዳምጣለን። አያቴ ምን ብለው እንዳለቀሱ፣ ለማንስ እንዳለቀሱ ገና አላውቅም።