ከወቄት እስከ ጥፍጥፍ፤ የወለጋ ወርቅና የጡረታ ጥሪት

ወለጋ በተነሣ ቁጥር ወርቅ አብሮ መነሣቱ የቆየ ነገር ነው። የነጆ፣ የዳቡስ፣ የብርብርና የዩብዶ ስም በማዕድን መዝገብ ውስጥ ሲጠቀስ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ግን በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ጡረታ የተቃረቡ ባልደረቦቻችን ስለ ወርቅ የሚያነሡት ጥያቄ የማዕድን ጥያቄ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሠርተው ያጠራቀሙትን ጥሪት በምን መልክ ቢያስቀምጡት ለእርጅናቸው ይደርስላቸዋል ነው የሚሉት። በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻቸው «ወርቅ ግዙ» ይሏቸዋል፤ ይህን ሲሉም ሦስት ዓይነት ወርቅ ይጠቅሳሉ። አንደኛው በማቅለጫ ቤት ቁጥርና ማኅተም የተመታበት ጥፍጥፍ ነው። ሁለተኛው በመንግሥት ስም የተቀረጸ የወርቅ ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ገንዘብ የሚመስል ነገር ግን መንግሥት ያልመሰከረለት፣ የግል ድርጅት የቀረጸው ክብ ወርቅ ነው።

በእነዚህ በሦስቱ መካከል መምረጥ ለወለጋ ሰው አዲስ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። የአካባቢው ታሪክ ሲመረመር ግን አባቶቻችን ይህንኑ ጥያቄ በሌላ ስም እንደ ኖሩበት እንረዳለን። የእኔ ክርክር አንድ ነው፤ ይኸውም የወርቅ ጥሪት ለባለቤቱ የሚሰጠው ጥቅም በብረቱ ብቻ አይወሰንም፤ ክብደቱንና ጥራቱን ማን እንደ መሰከረለትና ምስክርነቱ እስከ የት እንደሚደርስ ጭምር ይወስነዋል የሚል ነው።

ከሚዛኑ እንጀምር። የወርቅ መለኪያችን ወቄት መሆኑ የታወቀ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የወቄት ልክ ሆኖ ያገለገለው ከኦስትሪያ የመጣው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ጠገራው በየትኛውም ቦታ ቢመታ የሚጻፍበት ዓመተ ምሕረት 1780 ነው፤ ክብደቱ 28.0668 ግራም፣ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.39 ግራም ያህል ነው። ነጋዴው በአንደኛው የሚዛን ሳሕን ጠገራ፣ በሌላው ወርቅ ያኖራል፤ ሁለቱ ሲተካከሉ አንድ ወቄት ወርቅ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ንግግር «ወቄቱ በስንት ብር?» የሚል ብቻ ነው። አንዱ ዕቃ መለኪያም ዋጋም ሆኖ ማገልገሉ፣ መለኪያ ለሚያከብር መሐንዲስ፣ በጣም የሚያስደንቅ ዘዴ ነው።

ነገር ግን ሚዛን ክብደትን እንጂ ጥራትን አይናገርም። ከምዕራብ ወለጋና ከቤኒ ሻንጉል ወንዞች የሚታጠበው ወርቅ በዱቄት መልክ ወይም ቀልጦ በቀለበት መልክ ወደ ገበያ ይወጣ ነበር። ዱቄቱ በትንሹ ሊከፈል ስለሚችል ለግብይት ይመቻል፤ ሆኖም አሸዋና ሌላ ብረት ይደባለቅበታል። ቀለበቱ ለመሸከምና ለመደበቅ ይመቻል፤ ሆኖም ውስጡ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ያቀለጠው ሰው ነው። ቀለበቱን በሠሪው ያመነ፣ በሠሪው አገር በሙሉ ዋጋ ይቀበለዋል፤ ቀለበቱ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ባሶ ገበያ ሲደርስ ግን የሠሪው ስም አይታወቅም፤ ስለዚህ በመፈተኛ ድንጋይ እንደገና ይፈተሻል፤ ገዢውም ለጥርጣሬው ዋጋ ይቀንሳል። ዛሬ የግል ድርጅት ስለሚቀርጸው ክብ ወርቅ የሚነገረው ሁሉ በዚያ ቀለበት ላይ አስቀድሞ ታይቷል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ምስክርነቱ በማን እጅ እንዳለ ደግሞ የግብሩ ታሪክ ያሳየናል። የሌቃ ነቀምቴው ሞረዳ በከሬ በ1874 ዓ.ም. ገደማ ለራስ ጎበና በሰላም ከገቡ በኋላ ግዛታቸው የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ግብር የሚከፍል ሆነ። ልጃቸው ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ይህንኑ ሥርዓት ቀጠሉበት። በቄለም ጆቴ ቱሉም ተመሳሳይ ደረጃ ነበራቸው። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒ ሻንጉል ከዘመቱ ወዲህ የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰንም የወርቅ ገባሪ ሆኑ። ወርቅ ግብር ሲሆን የሚመዘነው በተቀባዩ ሚዛን ነው። ወንዝ ውስጥ ቆሞ ያጠበው ገበሬ፣ የሰበሰበው ባላባት፣ ያደረሰው መልእክተኛና የተቀበለው የግምጃ ቤት ሹም አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሚዛኑ በአንደኛው እጅ እንጂ በአራቱም እጅ አልነበረም። በየመካከሉ የሚጎድለውን የሚሞላው ደግሞ የመጀመሪያው ሰው ነው። የደጃዝማች ኩምሳ ቤተ መንግሥት ዛሬም በነቀምቴ ቆሞ ይጎበኛል። ጎብኚው የእንጨት ሥራውን ሲያደንቅ፣ ከዚህ ግቢ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ የነበረውን ወቄት ማስታወስ ይገባዋል እላለሁ።

ወርቁ ለግብር ይውል ስለ ነበር፣ የነጋዴውና የባለ ሀብቱ ጥሪት በአብዛኛው ጠገራ ብር ነበር። ጠገራ በሁሉ ዘንድ የታወቀ፣ ምስክር የማያሻው ገንዘብ ነው፤ በገንቦ ተደርጎ ይቀበራል፤ ልጅ ይወርሰዋል። ይሁን እንጂ ባለ ጠገራው ያላየው አደጋ ከሩቅ መጣበት። እስከ 1873 እ.ኤ.አ. ድረስ በዓለም ገበያ አንድ ግራም ወርቅ በ15.5 ግራም ብር ገደማ ይለወጥ ነበር። በዚህ ስሌት አንድ ወቄት ንጹሕ ወርቅ ከ18 እስከ 19 ጠገራ ያወጣል። ጀርመንና ሌሎችም መንግሥታት ብርን ትተው ወርቅን የገንዘብ መሠረት ሲያደርጉ የብር ዋጋ ወደቀ፤ በ1894 እ.ኤ.አ. ምጣኔው ከ32 በላይ ደረሰ። በዚያው ስሌት ወቄቱ ወደ 39 ጠገራ ወጣ ማለት ነው። የወለጋ ገበያ ዋጋ ከዓለም ገበያ በመንገድ ርዝመትና በግብር ምክንያት እንደሚለይ አልክድም፤ አቅጣጫው ግን አንድ ነበር። በገንቦ የተቀበረ ጠገራ አንድም ሳይሰረቅ፣ አንድም ሳይጎድል፣ በሃያ ዓመት ውስጥ በወርቅ ሲመዘን ግማሹን አጣ። ባለቤቱ ለዚህ ምክንያቱን በበርሊን ሳይሆን በጎረቤቱ ወይም በዕድሉ ሳይፈልግ አይቀርም!

በዚሁ ዘመን አጼ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ በፓሪስ አስቀረጹ። ብሩ በክብደት ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ተደርጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ለብዙ ዓመታት የለመደውን የንግሥቲቱን መልክ መረጠ። በ1889 ዓ.ም. የተጻፈባቸው «ወርቅ» የተባሉ የወርቅ ገንዘቦችም ነበሩ። ሙሉው 7 ግራም ገደማ ስለሚመዝን የወቄት ሩብ ነው፤ ከዚያም ግማሹና ሩቡ አሉ። ለተራ ቆጣቢ ከዚህ የተሻለ ቅርጽ ሊታሰብ አይችልም፤ የንጉሠ ነገሥቱ ምስክርነት አለው፣ ከአገሩ ሚዛን ጋር ይስማማል፣ በትንሹም ይከፈላል። በብዛት ባለመውጣቱ ግን በገበያ የሚዘዋወር ገንዘብ ሳይሆን ቀረ።

ባንክም ቢሆን ወደ ወለጋ ፈጥኖ አልደረሰም። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ለምዕራቡ አገር ቅርብ የነበረው ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ1912 በጎሬ የተከፈተው ነው። የማዕድን ፈቃድ ግን ከባንክ ቀድሞ ገብቷል፤ የአጼ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በወለጋ ወርቅ ለማውጣት ፈቃድ ካገኙት አንዱ ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣሊያናዊው አልቤርቶ ፕራሶ በዩብዶ ፕላቲን ማውጣት ጀመረ። (ፕላቲን ከወርቅ ይከብዳል። ስለዚህ ክብደትን በውሃ ለሚፈትን አንጥረኛ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከባድ የሆነ ሁሉ ወርቅ አይደለም።)

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሕግ የተተመነው በወርቅ ነበር፤ አንዱ ብር 5.52 ግሬን፣ ማለትም 0.358 ግራም ያህል ንጹሕ ወርቅ ነው ተብሎ ታወጀ። ወረቀት ለማያምነው ሕዝብ መተማመኛ እንዲሆን ሃምሳ ሳንቲሙ ከእውነተኛ ብር ተቀረጸ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን 75ኛ ዓመት የልደት በዓል ለማሰብ የ10፣ የ20፣ የ50፣ የ100ና የ200 ብር የወርቅ ገንዘቦች ወጡ። የመቶ ብሩ 40 ግራም ይመዝናል፤ ጥራቱ ከመቶ 90 ስለሆነ በውስጡ 36 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ። በጊዜው አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.50 ብር፣ አንድ አውንስ ወርቅም በ35 ዶላር ይለወጥ ስለ ነበር የ36 ግራሙ ዋጋ 101 ብር ከጥቂት ሳንቲም ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ዓመት የመቶ ብር ወረቀትና የመቶ ብር ወርቅ በእርግጥ እኩል ነበሩ።

ሁለት ወንድማማች መምህራን በዚያ ዓመት በነቀምቴ አንዱ ወረቀቱን፣ ሌላው ወርቁን ለጡረታው አስቀመጠ እንበል። በነሐሴ 1963 ዓ.ም. አሜሪካ ዶላሯን ከወርቅ አላቀቀች። በ1969 ዓ.ም. የወረቀቱ ገንዘብ ተቀየረ፤ ወረቀቱን በሣጥን የሸሸገው ሰው በጊዜው ካልለወጠ ምንም አልቀረውም፤ የለወጠ ግን መቶ ብሩን መቶ ብር አድርጎ ቀጠለ። በ1985 ዓ.ም. የዶላር ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ብር ወጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ 2,500 ዶላር በደረሰ ጊዜ 36 ግራሙ ከ2,890 ዶላር በላይ፣ በብር ሲታሰብ ከ289,000 በላይ ያወጣ ነበር። ወረቀቱ መቶ ብር ነው።

ይህን ስሌት አይቶ «እንግዲያው ሁሉም ወርቅ ይሁን» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በጥር 1972 ዓ.ም. ወርቅ በአውንስ 850 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በ1991 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 253 ዶላር ወረደ። በውድ ገዝቶ በዚያ ዓመት ጡረታ የወጣ ሰው በዶላር ከሁለት ሦስተኛው በላይ አጣ። በብር ሲታሰብ ግን አውንሱ መጀመሪያ 1,760፣ በመጨረሻ ወደ 2,000 ብር ስለሚሆን ያተረፈ ይመስለዋል፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የእህልና የቤት ኪራይ ዋጋ የት እንደ ደረሰ ግን ይህ አኃዝ አይነግረውም። ከዚህም በላይ ወርቅ አይወልድም፤ ወለድም ኪራይም አይከፍልም። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጭምር ያቀፈው የጡረታ ሥርዓት፣ ብር ቢዳከምም፣ በየወሩ የሚደርስና እስከ ዕለተ ሞት የማያቋርጥ ስለሆነ ወርቅ ሊተካው አይችልም፤ ሊደግፈው ግን ይችላል።

ለመደገፍ ከተፈለገ የትኛው ቅርጽ ይሻላል? በውጭ የሚኖር ወገናችን የመምረጥ ዕድል ስላለው ለእርሱ አስተያየቴን ልስጥ። ትልቅ ጥፍጥፍ በግራም ሲታሰብ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን መቶ ግራም ያለው ሰው ለሆስፒታል አሥር ግራም ብቻ ሸጦ መክፈል አይችልም። ለመመርመርም ያስቸግራል፤ መፈተኛው ድንጋይ የሚያየው ቆዳውን ብቻ ነው፤ በክብደት ከወርቅ ጋር የሚቀራረበው ተንግስተን የተባለው ብረት በውስጡ ተሸሽጎ የተገኘበት ጊዜ አለ። የግል ክብ ወርቅ ከመንግሥት ገንዘብ በዋጋ ያንሳል፤ ያነሰበት ምክንያት ግን የቀለበቱ ምክንያት ነው፤ ሠሪው በማይታወቅበት አገር እንደገና ይፈተሻል። ስለዚህ ተጨማሪውን ዋጋ ከፍሎም ቢሆን በሰፊው የታወቀ የመንግሥት የወርቅ ገንዘብ በትንንሽ ክብደት መያዝ ለእርጅና ይመረጣል እላለሁ።

ነቀምቴ ላለው ሰው ምርጫው ይጠባል። የከበሩ ማዕድናት ግብይት አዋጅ ቁጥር 651/2001 ያልተሠራ ወርቅን ግብይት በብቃት ማረጋገጫ ወሰነው፤ ከወንዝ የሚወጣው ወርቅ መድረሻም ብሔራዊ ባንክ ነው። ከአጣቢ እጅ በስውር ዱቄት ወርቅ ገዝቶ ለጡረታ ማስቀመጥ ሕግ መጣስ ከመሆኑም በላይ፣ በእርጅና ዘመን በግልጽ ሊሸጥ የማይችል ጥሪት መያዝ ነው። በሕግ የሚቀረው የተሠራው ጌጥ ነው። በጌጥ ደግሞ የእጅ ዋጋ አለ፤ ለምሳሌ ገዢው ለእጅ ሥራ ከመቶ 10 ቢከፍል፣ ሲሸጥም ከመቶ 5 ቢቀነስበት፣ የወርቅ ዋጋ ከመቶ 16 ያህል ካልጨመረ ገንዘቡ አይመለስለትም። 21 ካራት የሆነው ከመቶ 87.5፣ 18 ካራት የሆነው ከመቶ 75 ንጹሕ ወርቅ ስለሆነ፣ ለጥሪት የሚገዛ ሰው ፈርጥ የሌለበትን፣ ሥራው ያልበዛበትን ባለ 21 ካራት ቀለበት ወይም አምባር ቢመርጥ ይሻለዋል። ደረሰኙ ላይ ግራሙ፣ ካራቱና የእጅ ዋጋው ለየብቻ እንዲጻፉለት ይጠይቅ፤ ዕቃውንም ከመቀበሉ በፊት በሌላ ሱቅ ሚዛን ያስመዝነው።