ሌሊቱን ያካተተ ትምህርት፦ በመንዝ ጓሳ ማደርና የዱር እንስሳትን ማወቅ

ተማሪዎች ወደ ፓርኮቻችን የሚያደርጉት ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልክ አለው። አውቶቡሱ ረፋድ ላይ ይደርሳል፣ አስጎብኚው ይናገራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሳይመሽ ጉዞ ይጀመራል። ይህ ልማድ ተማሪውን ከመልክዓ ምድሩ ጋር ያስተዋውቀዋል፤ ከእንስሳቱ ኑሮ ጋር ግን አያገናኘውም። የደጋ እንስሳት አዋዋልና አዳር በይበልጥ የሚታየው አመሻሽ ላይና ጎሕ ሲቀድ ነው። ስለዚህ ድንኳን ተክሎ ማደር የመርሐ ግብሩ ማጣፈጫ ሳይሆን ዋናው የትምህርት ዘዴ መሆን አለበት ብዬ እከራከራለሁ። ለዚህም የመንዝ ጓሳን አስረጂ አድርጌ አቀርባለሁ።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር ስለሚጀምር በበጋ ወራት ሌሊቱ ውርጭ ነው። በቂ ልብስና የመኝታ ከረጢት ሳይዝ የሚሄድ ቡድን ከብርዱ በቀር የሚማረው ነገር አይኖርም።

በዚህ ሜዳ ሁለት እንስሳት ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ውጭ በዱር የትም አይገኝም፤ ዛሬ በምድር ላይ ካሉት የዝንጀሮ ዘሮች መካከል በዋናነት ሣር ግጦ የሚኖረውም እሱ ብቻ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ማለዳ ወደ ሜዳው ይወጣል። ግጦሽ ከመጀመሩ በፊት ፀሐይ ይሞቃል፣ አንዱ የሌላውን ጠጉር ይፈትሻል። አንድ አውራ፣ ጥቂት እንስቶችና ግልገሎቻቸው የሆነውን ቤተሰብ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ረፋድ ላይ የደረሰ እንግዳ የሚያየው በመቶዎች የተደባለቀ መንጋ ነው፤ ማን የማን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች 500 አይሞሉም። ግዛታቸውን በቡድን ይጠብቃሉ፤ አይጥ ሲያድኑ ግን ለየብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ በጓሳ ጭላዳዎችን ሲከታተሉ የቆዩ ተመራማሪዎች አንድ የሚያስገርም ነገር አስተዋሉ፤ ቀበሮው በመንጋው መካከል ቀስ ብሎ ይመላለሳል፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ካደረጋቸው የአደን ሙከራዎች 67 በመቶው ሲሳካለት ብቻውን ሲያድን ግን የተሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነበር። ግልገል ጭላዳ ቀላል ሲሳይ ሆኖ ሳለ ቀበሮው እንዳላየ ያልፋል። አንድ ጊዜ ግልገል የያዘ ቀበሮ ግን መንጋው ተረባርቦ አስጥሎት አባሮታል። አደኑ ይበልጥ የሚሳካበት ምክንያት ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ስለሚያስወጡ ይሆን ወይስ ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ አይጦቹ ሳያስተውሉት ስለሚቀርባቸው? ጥያቄው ገና ክፍት ነው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ግኝቱ የተገኘበት መንገድ ነው፤ ውድ መሣሪያ አላስፈለገም፣ ከእንስሳቱ ጋር መዋልና እነሱ ባሉበት ማደር በቂ ነበር።

ይህን ትዕግሥት አሳጥሮ ለተማሪ ማስተማር ይቻላል። ቡድኑ አመሻሽ ላይ ከአፋፉ ራቅ ብሎ ተቀምጦ መንጋው ወደ ማደሪያው ሲወርድ ይመለከታል። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ እዚያው ይመለሳል፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቤተሰብ መርጦ እንስሳቱ የሚያደርጉትን በየ10 ደቂቃው ይመዘግባል። ሦስት ክልከላዎች ግን ያለ ድርድር መከበር አለባቸው። የመጀመሪያው የአስታ ቁጥቋጦ ለማገዶ አለመቁረጥ ነው። ሁለተኛው ለእንስሳት ምግብ አለመስጠት። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከፋውን አደጋ የሚመለከተው፣ ውሻ ይዞ አለመግባት ነው፤ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች የቀይ ቀበሮ ቤተሰቦችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል።

የጓሳ ታሪክም ራሱ የትምህርቱ አካል ነው። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ቄሮ በተባለ ሥርዓት፣ ቦታውን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር። ሲከፈትም ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር በሥርዓት ይታጨዳል። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቄሮን መሠረት አፈረሰው፤ ማኅበረሰቡ ግን በኋላ በሌላ አደረጃጀት ጥበቃውን መልሶ አቆመው። ተማሪው ቀበሮውን ያየው ገበሬዎች ለትውልዶች ሣሩን ሳያጭዱ ስለታገሡለት መሆኑን ሳያውቅ ከተመለሰ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያለው ግጭት ይህን ዓይነት ጉዞ አስቸጋሪ አድርጎታል፤ ጠባቂዎቹም ከጎብኚ የሚያገኙት ገቢ ተመናምኗል። መንገዱ ሲከፈት ቅድሚያ ለውጭ ቱሪስት ድንኳን ብቻ መሰጠት የለበትም። እንደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያሉ የአካባቢው ተቋማት የብዝኃ ሕይወት ኮርሳቸውን ቢያንስ አንድ ሌሊት ጓሳ ላይ ሊያሳድሩት፣ የጓሳን ጠባቂዎችም እንደ መምህር ከፍለው ሊያሠሯቸው ይገባል። የቀበሮውን መመላለሻ በየወቅቱ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የተማሪው የምልከታ ማስታወሻ ሲታረምም አብረው መቀመጥ አለባቸው።