ጠይቆ መወሰንና ወስኖ መጠየቅ

ለታላላቅ የልማት ሥራዎች ገንዘብ በሚያበድሩ ዓለም አቀፍ ተቋማት ሰነዶች ውስጥ «የሕዝብ ምክክር» የሚለው ሐረግ አይታጣም። ግድብ በሚሠራበት፣ መንገድ በሚወጣበት፣ ደን በሚመነጠርበት ስፍራ የሚኖረው ሕዝብ አስቀድሞ እንዲነገረውና ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። ይሁን እንጂ የምክክር ዋጋ የሚለካው በስብሰባው ብዛት ሳይሆን በጊዜው ነው። ጠይቆ መወሰን አንድ ነገር ነው፤ ወስኖ መጠየቅ ሌላ። ሁለተኛው አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ዓይነት ነው። ይህ ልዩነት እንዴት ወደ አበዳሪዎች ደንብ እንደገባ፣ ወደ እኛም ደጃፍ በደረሰ ጊዜ ምን እንደገጠመው መመርመር ይገባል። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የዓለም ባንክ በ1985 በምዕራብ ሕንድ በናርማዳ ወንዝ ላይ ለሚሠራው የሳርዳር ሳሮቫር ግድብና ለመስኖ ቦዩ 450 ሚሊዮን ዶላር ለማበደር ተስማማ። ዓላማው የሚናቅ አልነበረም፤ ድርቅ ለሚደጋግማት ለጉጃራት ውሃ ማድረስ ነበር። ነገር ግን ብድሩ ሲፈረም የአካባቢ ተጽዕኖው ጥናት አልተጠናቀቀም። የሕንድ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ፈቃድ የሰጠው በ1987 ሲሆን፣ እሱም የጎደሉት ጥናቶች ወደፊት ይሟላሉ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነበር። ውሃው መሬታቸውን የሚውጥባቸው ገበሬዎችና የደን ነዋሪዎች ግን በወጉ አልተማከሩም።

እነዚህ ሰዎች ሜድሃ ፓትካር የተባሉት ሴት በመሩት ንቅናቄ ሥር ተሰባሰቡ። በ1991 መጀመሪያ ወደ ግድቡ ያቀኑት ሰልፈኞች በጉጃራት ወሰን ላይ ሲታገዱ የረሃብ አድማ መቱ። በዚያው ዓመት ባንኩ ከዚያ ቀደም አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ በራሱ ገንዘብ የሚሠራን ፕሮጀክት ገለልተኛ ሰዎች እንዲመረምሩት ፈቀደ። የምርመራው መሪ ብራድፎርድ ሞርስ ነበሩ፤ እኛ በራሳችን አቆጣጠር «የ77ቱ» በምንለው ረሃብ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታትን የአፍሪካ የአስቸኳይ ጊዜ ጽሕፈት ቤት የመሩት ሰው ናቸው። ምክትላቸው ካናዳዊው ዳኛ ቶማስ በርገር ነበሩ። በርገር ቀደም ሲል በሰሜን ካናዳ የጋዝ ቧንቧ ሊዘረጋ በታሰበ ጊዜ ወደ 35 መንደሮችና ከተሞች ተጉዘው የነዋሪውን ቃል አድምጠዋል። በ1977 ባቀረቡት ሪፖርት ሥራው ለአሥር ዓመት እንዲቆይ መከሩ፤ ቧንቧውም አልተዘረጋም። ጠይቆ መወሰን ማለት ይህ ነው።

ናርማዳ ላይ ግን ሁለቱ ሰዎች የደረሱት ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ነበር። በሰኔ 1992 ባወጡት ሪፖርት በ245 መንደሮች የሚኖሩ ቢያንስ 100,000 ሰዎች ከሐይቁ የተነሳ እንደሚጎዱ፣ የሰፈራውም ሆነ የአካባቢው ጥናት የባንኩን የራሱን ደንብ እንደማያሟላ ገለጹ፤ ባንኩም ከፕሮጀክቱ ራሱን እንዲያርቅ መከሩ። የዳይሬክተሮች ቦርድ በቅድመ ሁኔታ ለመቀጠል ቢወስንም፣ በመጋቢት 1993 ሕንድ ቀሪው ብድር ይቅርብኝ አለች። ግንባታው በሕንድ ገንዘብ ቀጥሎ ግድቡ በ2017 ተመረቀ።

ገበሬዎቹ ተሸነፉ ማለት ይቻላል። ትግላቸው ግን ፍሬ ሳይተው አላለፈም። በመስከረም 1993 የባንኩ ቦርድ መርማሪ ፓነል አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በባንኩ ገንዘብ የሚሠራ ፕሮጀክት ጎዳን የሚሉ ሰዎች የመንግሥታቸውን ፈቃድ ሳይጠይቁ አቤት ማለት ይችላሉ።

ታሪኩ ወደ እኛ አገር ሲዞር ያው የጊዜ ጥያቄ ይነሳል። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ሥራ ያለ ጨረታ ለጣልያኑ ኩባንያ ለሳሊኒ ተሰጥቶ በ2006 ተጀመረ። የተጽዕኖ ግምገማው ሰነድ ለሕዝብ የወጣው ግን በ2009 ነበር። ከግድቡ በታች ኦሞ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ የሚዘሩት ዳሰነች፣ ካሮ፣ ሙርሲና ሌሎችም ሕዝቦች፣ ከዚያም አልፎ በኬንያ በቱርካና ሐይቅ ዓሣ የሚያጠምዱት ሰዎች በወንዙ ሙላት የሚኖሩ ነበሩ። በዚያው በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ፤ የተሻረውም በ2019 ነው። በመንደሩ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ይህ አይሆንም» ሊል የሚችለው እንግዲህ ማን ነበር?

የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ ሳያበድሩ ቀሩ። ለተርባይኖቹ የቻይና ባንክ አበደረ። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብም በ2016 መጨረሻ ተመረቀ። ለአገሪቱ የጨመረው ኃይል ከፍተኛ መሆኑ አይካድም። የሚጠይቀው አበዳሪ ሲሄድ የማይጠይቀው መምጣቱ ግን ልብ ሊባል ይገባል።

ይህ ሁሉ ተስፋ የሚያስቆርጥ ቢመስልም፣ የናርማዳ ገበሬዎች ያስከፈቱት በር ለእኛም ሰዎች አገልግሏል። በ2012 ከጋምቤላ ተሰደው በኬንያና በደቡብ ሱዳን የሚኖሩ አኙዋኮች፣ ባንኩ የሚደግፈው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ከመንደር ማሰባሰቡ ጋር ተያይዞ ጎዳን ሲሉ ለፓነሉ አቤቱታ አቀረቡ። ፓነሉ በግዳጅ መፈናቀሉንና በደሉን ማጣራት ሥልጣኔ አይደለም ቢልም፣ ባንኩ በሁለቱ መካከል ካለው ግንኙነት የሚመጣውን አደጋ እንደ ደንቡ እንዳልመዘነ ገለጸ። መሬታቸው አልተመለሰም፤ ቃላቸው ግን ማንም ሊፍቀው በማይችል መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ባንኩ በ2016 ያጸደቀውና ከጥቅምት 2018 ጀምሮ የሚሠራበት አዲስ ደንብ ምክክር ከፕሮጀክቱ ጅምር እንዲነሳ ያዛል። ሰነዶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይወጣሉ፤ የኦሞ አራሽ አያነባቸውም። እኛ በዋሽንግተንም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች የምንኖር ግን እናነባለን፤ ከምንከፍለው ግብርም ለእነዚህ ባንኮች የሚደርስ ድርሻ አለ። ስለዚህ አንድ ፕሮጀክት «ሕዝብ ተማክሮበታል» ተብሎ ሲጻፍ ስብሰባው የተደረገበትን ቀን ከውሉ ቀን ጋር ማስተያየት፣ የቱ እንደሚቀድምም መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።