የውኃ ዳር ቤት ዋጋ
ከምጽዋ ደሴት እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና መርሳን ያቋርጣል። በዐረብኛ «መርሳ» ማለት መርከብ የሚያርፍበት ወደብ ነው። በፍራፍሬዋ የምትታወቀው የሀብሩዋ መርሳ ግን ባሕር የላትም። ይሁን እንጂ ይህ የስም መመሳሰል አንድ ታሪካዊ ጥያቄ ይጭራል፤ በአገራችን ታሪክ ውስጥ በውኃ ዳር፣ ይልቁንም በደሴት ላይ፣ ቤት የሚገኘው በምን ዋጋ ነበር? ማን ይገዛው፣ ማንስ ይሸጠው ነበር?

ይህን ለመመርመር ከዚሁ ጎዳና መራቅ አያስፈልግም። ከመርሳ ወደ ደቡብ ሲኬድ በመጀመሪያ ውጫሌ ይገኛል። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. በዚህ ስፍራ በአፄ ምኒልክና በኢጣሊያ መካከል ውል ተፈረመ፤ ኢጣሊያ ግን አራት ዓመት ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ1885፣ ምጽዋን ይዛ ነበር። ከውጫሌ በኋላ ደግሞ የሐይቅ ከተማና ስሙን ያገኘችበት ሐይቅ ይመጣሉ። እንግዲህ አንዱ መንገድ ሁለት ደሴቶችን ያስታውሰናል፤ የነጋዴውንና የመነኩሴውን።

ምጽዋ ዛሬ የኤርትራ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1557 ቱርኮች፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ግብጾች ገዝተዋታል። በዚህች ጠባብ ደሴት ላይ ከባሕር በተፈለጠ የኮራል ድንጋይ ቤት የሠሩት ከየብስ፣ ከዐረብ አገር፣ ከግብጽና ከህንድ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። በዚያ ቤት በገንዘብ ይሸጥና ይገዛ ነበር፤ ሽያጩና ውርሱም በቃዲው ፍርድ ቤት መዝገብ ይሰፍር ነበር። ቤት መያዝ ሀብት ብቻ ሳይሆን የከተማው ሰው ሆኖ መቆጠርም ነበር። ነገር ግን ደሴቲቱ የሚጠጣ ውኃ አልነበራትም። በባሕር ተከብቦ የሚኖረው ባለጸጋ ጥሙን የሚቆርጠው በማዶ ካለው ከሕርጊጎና ከአካባቢው በሚመጣ ውኃ ነበር። በመዝገቡ የቤቱ ገዥና ሻጭ ስም ሲሰፍር፣ ቤቱን መኖሪያ ያደረገው የውኃ ቀጂው ድካም ግን ከውሉ ውጭ ቀረ።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ታሪክ ከዚህ ፍጹም የተለየ ይመስላል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም እስከ 88 ሜትር የሚደርስ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በደሴቱ ላይ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1280/81 ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። የገዳሙ አለቃ በቤተ መንግሥት «አቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ይታወቅ ነበር። እዚህ ደሴት ላይ ጎጆ የሚቀልስ ሰው ገንዘብ አልቆጠረም፤ ዋጋው ዓለምን መተው ነበር። ለሴት ልጅ ግን በዚህም ዋጋ ቢሆን በሩ ዝግ ነበር።

ይሁንና ያለ ገንዘብ የተገኘ ሁሉ ያለ ዋጋ የተገኘ ነው ማለት አይደለም። መነኩሴው የሚጸልየው፣ ተማሪው የሚማረው፣ ጸሐፊውም ብራናውን የሚዳምጠው በየብስ ያለው ገበሬ ሲያርስ ነው። ነገሥታት ለገዳማት ጉልት ሲሰጡ መሬቱን መሸጣቸው ሳይሆን ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር ማውረሳቸው ነበር። ስጦታውም በወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ፣ አፍራሹን በሚያወግዝ የግዝት ቃል ታጅቦ ይጻፍ ነበር። በምጽዋ የቃዲው መዝገብ የሠራውን ሥራ በዚህ ወንጌሉ ሠራው፤ በዚህም መዝገብ የሰጭና የተቀባይ ስም ጎልቶ ሲነበብ፣ ያረሰው ሰው ስም ከግብሩ ኋላ ተሰውሯል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለበት ዘመን ነበርና።

ውኃው ራሱም የዘላለም ቅጥር አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቅ ደረሰ፤ ገዳሙ ያከማቸው ሀብትም በድል አድራጊዎቹ እጅ እንደ ገባ ዐረብ ፈቂህ ጽፏል። በኋላ ዘመንም ውኃው እየሸሸ ሄዶ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያያዘ። ዛሬ እስጢፋኖስ የሚደረሰው በታንኳ ሳይሆን በእግር ነው። ምጽዋም በግብጾች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ፣ በድልድል መንገድ ከየብስ ጋር ተገናኝታለች። አንዱን ተፈጥሮ፣ ሌላውን የሰው እጅ ከየብስ አገናኛቸው።

ለወሎ ገበሬ ግን መሬት የሚተላለፍበት ሌላ መንገድም ነበር። በክፉ ዘመን እህል ወይም ገንዘብ የተበደረ ሰው እርሻውን በወለድ አገድ ያሲዛል፤ አበዳሪው ዕዳው እስኪከፈል ምርቱን ይበላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለወለድ አገድ ደንብ አበጅቶለት ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረኀብ ሲመጣ ሕዝቡ በዚሁ የወልድያና የደሴ ጎዳና ዳር ፈሰሰ። ከጎዳናው ብዙም ሳይርቅ ጥልቁ ሐይቅ ሞልቶ ይታይ ነበር፤ የተራበ ሰው ግን ውኃ በማየት አይጠግብም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ መሸጥ፣ መለወጥና በዕዳ ማስያዝ ተከለከለ፤ ጭሰኝነትም ተሻረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተከተለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን አጽንቷል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል ለገበሬዎች የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን ሰፈረ። ከወንጌሉ ቅጠልና ከቃዲው መዝገብ በኋላ፣ አራሹና አራሺቱ በስማቸው የተጠሩበት መዝገብ ይህ ነው። በሐይቁ ደሴት ላይ እግሯ እንዳይረግጥ ለተከለከለች ሴት የዚህ ነገር ትርጉም ቀላል አይደለም።

ታዲያ የውኃ ዳር ቤት ዋጋ ጥያቄ ተዘጋን? አልተዘጋም። በከተማ ክልል ቦታ በሊዝ ይያዛል፤ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። የሚሸጠው ቤቱና የሊዝ መብቱ እንጂ መሬቱ አይደለም። ሆኖም ውብ እይታ ያለው ዳርቻ ሁልጊዜ ገንዘብ ያለውን ይጠራል። ከተማ እየሰፋ ወደ ውኃው ሲጠጋ ደብተር የያዘው ገበሬ በካሣ ይነሣል፤ በእርሻው ስፍራም ሰገነት ይቆማል። ይህ በየሐይቆቻችን ዳር የሚነሣ ጥያቄ ነው።

ሐይቅ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከእርሻውም ሆነ ከቤቱ ታጥቦ የገባ ነገር አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በዳርቻው የሚኖር ሰው ሁሉ፣ መነኩሴም ይሁን ዓሣ አጥማጅ፣ ገበሬም ይሁን ባለ ሰገነት፣ የሚጠጣው የጎረቤቱን ሥራ ነው።

ታሪክን የምናስተምርና ሐይቁን በቀለም የምንስል ሁሉ ይህን ልብ ልንል ይገባል። ሠዓሊው ደሴቱንና ታንኳውን ሲስል በማዶ የሚያርሰውን ገበሬ ከሸራው አያውጣ። መምህሩም ስለ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ሲያስተምር ብራናው በማን ላብ እንደ ተገኘ ይጠይቅ። የውኃ ዳር ቤት እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው በውሉ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ስማቸው ከውሉ ከቀረ ሰዎችም ነውና።