ከጉና ማዶ የነደደው እቶን

በመካነ ኢየሱስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጀመረ ልጅ የኬሚስትሪን መጽሐፍ በገለጠ ጊዜ ስለ ንጥረ ነገር፣ ስለ ውህድና ስለ ድብልቅ የሚናገር ትምህርት ያገኛል፤ ምሳሌዎቹም ከሩቅ አገር ቤተ ሙከራ የመጡ ስለሚመስሉት፣ ትምህርቱን ከእስቴ ምድር ጋር አንዳች ዝምድና እንደሌለው ባዕድ ነገር አድርጎ ይቀበለዋል። ይህ አሳብ ግን ከታሪክ ጋር አይስማማም። ከጉና ተራራ ማዶ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ በዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት፣ ዛሬ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ከሚጻፈው ብዙው በእሳትና በላብ ተፈትኗልና።

የቀደሙት ሊቃውንቶቻችን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፣ ግዙፉ ዓለም ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት እንደ ተገኘ ይናገሩ ነበር፤ በዚህም ከጥንት የግሪክ ጠቢባን ጋር ይስማሙ ነበር። ፈረንሳዊው ላቯዚዬ በ1789 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ 33 ንጥረ ነገሮችን ዘረዘረ፤ ዛሬ ቁጥራቸው 118 ደርሷል። ነገር ግን የባሕርያቱ ቁጥር አራት ነው ብሎ ያስተማረው ያው የአገራችን ሊቅ፣ ቀለም በመቀመም ሥራው የካርቦንን ጠባይ አሳምሮ ያውቅ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንት ቤተ ልሔም የሚገኘው ደቀ መዝሙር በብራና ላይ የሚያየው ጥቁሩ ቀለም፣ ዋና ነገሩ ከጥላሸትና ከከሰል የሚገኝ ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ በተራ ሙቀት ከአየርም ከእርጥበትም ጋር በቀላሉ ስለማይዋሐድ፣ ብራናው ራሱ እስኪያረጅ ድረስ ጽሕፈቱ ጥቁር ሆኖ ይኖራል።

ቀለሙን ከሚቀምመው ጸሐፊ ይልቅ ወደ እሳቱ የቀረበው ግን ቀጥቃጩ ነበር። ቀይ የብረት ድንጋይ ማለት ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የተገኘ ነገር ነው፤ በከሰል ምድጃ ውስጥ አስገብተው በወናፍ ሲያናፉት፣ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅኑን ከብረቱ ነጥቆ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል፣ ብረቱም ነጻ ወጥቶ ይቀራል። የብረት መቅለጫ 1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለ ሆነ በዚያ ትንሽ ምድጃ እንደ ውሃ አይፈስም፤ ከቆሻሻው ጋር የተጓጎለ ትኩስ ጓል ሆኖ ይወጣና በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይጠራል። በጎንደር አገር ይህን ሥራ በሰፊው ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ገበሬው ከእጃቸው ማረሻውን እየተቀበለ፣ ሠሪዎቹን ግን ቡዳ እያለ ሲሸሻቸውና ሲያዋርዳቸው ኖረ፤ ይህም በእኔ አስተያየት በዚህች አገር በዕውቀት ላይ ከተፈጸሙት በደሎች ሁሉ የከፋው ነው፤ የተናቀ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ በሹክሹክታ ይተላለፍ እንደ ሆነ እንጂ ወደ መጽሐፍና ወደ ትምህርት ቤት አይገባምና።

ወደ ጋፋት እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. በነገሠበት ዘመን፣ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት፣ በባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና የተማሩ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ወንጌላውያንን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን የሚባሉት እነዚህ ሰዎች፣ ከትውልደ ፖላንዱ ከሞሪትዝ ሆልና ከፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ከቡርጎ ጋር በጋፋት ተቀመጡ። ወንጌላውያኑ የመጡት ወንጌልን ለመስበክ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከእነርሱ የፈለገው ግን መድፍ ነበር፤ ይህን ሥራ ከዚያ በፊት ያልሠሩት ስለ ሆኑም በንጉሡ ትእዛዝ ተገድደው ጀመሩት።

የመጀመሪያው ፈተና ለመድፉ ከሚቀልጠው መዳብ ሳይሆን ከእቶኑ ጡብ መጣ። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ነው፤ ብረትና ኖራ የበዛበት ተራ ሸክላ ግን በዚህ አቅራቢያ ራሱ መለስለስና መቅለጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ ማዕድኑን ሊያቀልጥ የተሠራው እቶን አስቀድሞ ራሱ ቀለጠ። እሳትን የሚችል ጡብ አሉሚናና ሲሊካ ከበዛበት ንጹሕ ሸክላ መሠራት አለበት፤ ይህንም አፈር በአገሩ ውስጥ እየፈለጉ፣ እያቃጠሉና እየጣሉ መፈተን ግድ ነበር። የዛሬው ተማሪ የመቅለጫ ነጥብን ከሰንጠረዥ ላይ ያነባል፤ እነዚያ ሰዎች ግን የፈረሰ እቶንና የንጉሥ ቁጣ እያዩ ተማሩት።

ሁለተኛው ትምህርት የቅይጥ ብረታ ብረት ነው። ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን በ232 ዲግሪ ብቻ ይቀልጣል፤ ከመዳብ ጋር ከአሥር አንድ ያህል ሲቀላቀል የተገኘው ነሐስ ከመዳቡ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ከመዳቡም ከቆርቆሮውም ይጠነክራል። ሁለት ልል ነገሮች ተገናኝተው አንድ ጠንካራ ነገር መውለዳቸው፣ ከንጥረ ነገሮች ትምህርት ሁሉ ለእኔ እጅግ የሚደንቀኝ ክፍል ነው። የሚፈስበት ቅርጽም ፈጽሞ መድረቅ ይገባዋል፤ ጥቂት እርጥበት ቢቀርበት ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ከ1,600 እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ፣ የቀለጠውን ነሐስ በሠራተኞቹ ላይ ይረጨዋል።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ፣ በክራይሚያ ጦርነት ስሟ ገናና በሆነች ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተብሎ የተጠራው ታላቁ መድፍ ተፈሰሰ። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ይባላል፤ የነሐስ እፍጋት ከውሃ ስምንት እጥፍ ተኩል ስለሚበልጥ ግን፣ ያ ሁሉ ክብደት ከአንድ ኪዩቢክ ሜትር ባነሰ ቦታ የተጠቃለለ ነበር። ለመድፉ የሚያስፈልገው ባሩድ ደግሞ ከ100 እጅ 75 ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል ነጭ ጨው፣ 15ቱ ከሰል፣ 10ሩ ዲን ነው። ይህ ድብልቅ እንጂ ውህድ አይደለም፤ በውሃ ቢበጠብጡት ጨው ሟሙቶ ይለያል፣ ከሰሉና ዲኑ ግን ይቀራሉ። ኃይሉም የሚመጣው ጨው በውስጡ የያዘውን ኦክስጅን ለከሰሉና ለዲኑ በመስጠቱ ነው፤ በተዘጋ አፈሙዝ ውስጥ የውጭ አየር ሳይሻ የሚነደውም ስለዚህ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ፣ ሴባስቶፖልን በሠረገላ አስጭኖ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተነሣ። ለሠረገላ የሚሆን መንገድ ስላልነበረ ድንጋዩን እየፈለጡ፣ ገደሉን እየደለደሉ ሄዱ፤ ንጉሡም በገዛ እጁ ድንጋይ ያነሣ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። መንገዱ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተያዘ፣ ንጉሡም ራሱን ሠዋ፤ የጋፋት ሠራተኞችም ከጦሩ ጋር ወጡ፣ ጥበቡም አብሯቸው ወጣ። ገና ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1869 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሩሲያዊው ሜንዴሌየቭ ንጥረ ነገሮችን በየጠባያቸው የደረደረበትን ሰንጠረዥ ለዓለም አቀረበ። ዛሬ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሰንጠረዥ እንግዲህ ከመቅደላ ውድቀት የሚያንስ ዕድሜ አለው።

ጋፋት የወደቀው ዕውቀቱ በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ፣ ተቀባይ ትውልድም ያላፈራ ስለ ሆነ ነው፤ መድፉ ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ አለ። የመካነ ኢየሱስ፣ የጋይንትና የስማዳ የኬሚስትሪ መምህራን ሆይ፤ ስለ መቅለጫ ነጥብና ስለ ድብልቅ ስታስተምሩ ከመጽሐፉ ምሳሌ በፊት የጋፋትን ታሪክ ተናገሩ፤ በዓመት አንድ ቀን ተማሪዎቻችሁን ወደ ስፍራው ውሰዱ፤ በየቀበሌያችሁ ወናፍ የሚያናፉ ሽማግሌዎች ካሉም፣ በሕይወት ሳሉ ሥራቸውን ጠይቃችሁ ጻፉ።