የበላ ይበራል

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ነገሩ ከሩቅ ይጀምራልና አትቸኩሉብኝ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882፣ ማርች 24 ቀን ምሽት፣ በርሊን ውስጥ ሮበርት ኮህ የተባለ ሐኪም ማይክሮስኮፖቹን ደርድሮ፣ ሰውን ደም እያስተፋ የሚጨርሰው የሳንባ ነቀርሳ መንስኤ ይኸውላችሁ ብሎ ያን ቀጭን ዘንግ መሳይ ባክቴሪያ አሳየ። ተናግሮ ሲጨርስ ያጨበጨበ የለም፣ የጠየቀም የለም፤ አድማጮቹ ዝም ብለው ተነሡና ተራ በተራ እያጎነበሱ አዩ። ከመካከላቸው ፓውል ኤርሊክ የሚባል ወጣት ነበረና፣ ባክቴሪያው የሚታይበትን ቀለም ላሻሽል ብሎ በዚያው ሌሊት ወደ ሥራ ክፍሉ ሄደ፣ ከዚያም የቀባቸውን መስታወቶች እንዲደርቁ እሳት በሌለው ምድጃ ላይ አኖራቸው፣ ከዚያም ሠራተኛዋ ሳታይ እሳቱን ለኮሰችው፣ መስታወቶቹም ሲግሉ ቀለሙ ጭራሽ ደምቆ ተገኘ ይባላል።

ያ ቀለም ዚልና ኒልሰን በተባሉ ሰዎች እጅ ተሻሽሎ እኛም አገር ደረሰ። የስንቱ ሰው አክታ በእሱ ተመረመረ! ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ የሞተውንም በሕይወት ያለውንም እኩል ያቀላል። መድኃኒት የጀመረ ሰው አክታ ውስጥ ቀይ ዘንግ ቢታይ፣ ሬሳ ይሁን ጠላት አይለይም።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዘመን አለፈና፣ ከቡሩንዲ ሚሬይ ካማሪዛ የምትባል ልጅ በ17 ዓመቷ ተነሥታ አሜሪካ ገባች፣ ሳንዲያጎ ሜሳ ኮሌጅም ተማረች፣ ከዚያም ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየተሻገረች የካሮሊን በርቶዚ ቤተ ሙከራ ደረሰች። በርቶዚ ያቺ በ2022 ኖቤል የተሸለመችው ናት፤ ሽልማቱ ግን ለሌላ ሥራዋ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም የቲቢ፣ ባክቴሪያ ሰም የመሰለውን ካባውን ሲሠራ ትሬሃሎስ የሚባል ስኳር ያስፈልገዋል። የሰው ገላ ይህን ስኳር አይሠራም፤ ከእንጉዳይ ጋር ቢገባለት ይፈጨዋል እንጂ። እነካማሪዛ ታዲያ ስኳሩ ላይ ብርሃን ሰጪ ቀለም አሰሩበት። ቀለሙ ውኃ ውስጥ ሳለ እምብዛም አይታይም፤ ባክቴሪያው ምግቡ መስሎት ወስዶ ቅባታም ካባው ውስጥ ሲሰካው ግን ብርሃኑ ከ700 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ እንደ አሮጌው ቀለም በአሲድ ማጠብ የለ፣ በእሳት ማጋል የለ። የሞተ ደግሞ አይበላም፣ አይበራምም።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከታመሙ ሰዎች በተወሰደ አክታ ሞከሩት፣ በራ። በቤተ ሙከራ ያደጉትን ባክቴሪያዎች መድኃኒት ሲያቀምሷቸው ደግሞ ብርሃናቸው ደከመ። ይህንን ሁሉ በ2018 ለዓለም አሳወቁ።

እኔን የያዘኝ ይኸኛው ነው፤ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ለማየት ባክቴሪያውን ማሳደግ ሳምንታት ይፈጃል፣ ዘረ መል የሚፈልገው ዘመናዊ መሣሪያም የሬሳውን ዘር አግኝቶ አለ ሊል ይችላል። ስኳሩም ቢሆን የቲቢን የቅርብ ዘመዶች ያበራልና ብቻውን አይበቃም። ቲቢ መሆኑ በሌላ ምርመራ ከጸና በኋላ ግን፣ በሽተኛው ክኒኑን ውጦ ሁለተኛው ወር ላይ አክታ ሲሰጥ፣ የሚፈለገው ያልሞተውን ለይቶ ማየት ነው።